ዓባይ በረሃ ላይ የቆመችው መኪና

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የተጓዘ ሰው ሁሉ ዓባይ በረሃን የሚያስታውስበት የየራሱ ነገር አለው። አንዱ ብስኩት እየጠበቁ መንገድ ዳር የሚቀመጡትን ዝንጀሮዎች ያነሣል፤ ሌላው ቁልቁል ሲወርድ ጆሮው መደፈኑን፤ ሌላው ገደሉን ላለማየት ዓይኑን ጨፍኖ ዳዊት መድገሙን። እኔም በ1970ዎቹ መጀመሪያ በነርስነት ተመርቄ የመጀመሪያ ምድቤ ወደሆነው ጤና ጣቢያ ስሄድ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኜ ያለቀስሁት እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው። አሁን ግን ዓባይ በረሃ ሲነሣ የሚታየኝ ሌላ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ደጀን በሚወጣው ዳገት ላይ ያለች አንዲት መታጠፊያ፣ ከኋላ ጎማችን ሥር የተወሸቁ ሁለት ድንጋዮችና የልጄ ፊት።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ጥር ነው፤ መንገዱ እንደ ልብ ይኬድበት በነበረ ጊዜ። ደብረ ማርቆስ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ባለቤቷ አርፎባት ተዝካሩ ደርሶ ነበር። ልጄ «በአውቶቡስ ከምትንገላቺ እኔ አደርስሻለሁ» አለኝ። ሁለቱ የልጅ ልጆቼም፣ ትልቋ የዘጠኝ፣ ትንሹ የአምስት ዓመት ልጅ፣ ዓባይን እናያለን ብለው ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው አደሩ።

መኪናዋ ያገለገለች ትንሽ የቤት መኪና ናት። የፋብሪካዋን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የፋብሪካዋ አልነበረም። ጡረታ ስወጣ በእጄ የነበረችውን ገንዘብ ከእቁብ ዕጣዬ ጋር ጨምሬ፣ የጎደለውን ልጄ ተበድሮ ነው የገዛናት። እርሱ ሰው እያመላለሰ ይሠራባታል፤ እኔ ቅዳሜ ገበያ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን እሄድባታለሁ። የቤታችን እንጀራ ናት ብል ማጋነን አይሆንም።

ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። እንጦጦን ወጥተን ወደ ሱሉልታ ስንወርድ ብርዱ መስኮቱን አልፎ ይገባ ነበር። ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን አለፍን። በጥር ይህ ሜዳ ያምራል፤ አዝመራው ተሰብስቦ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፣ ከብቱ በገለባው ላይ ተለቋል። ትንሹ ልጅ ክምሩን ሁሉ ጎጆ ቤት እየመሰለው «እዚያ ውስጥ ማን ይኖራል?» እያለ ሲጠይቅ ፍቼ ደረስን። ቁርስ በልተን ስንወጣ መኪና የሚጠብቀው ልጅ ሳንቲሙን ተቀብሎ፣ ልጄ ሞተሩን ሲያስነሣ ዞር አለና «ጋሼ፣ ሰማያዊ ታጨሳለች፤ ዘይት ትበላለች እንዴ?» አለው።

«ብርድ ነው» አለ ልጄ።

እኔም ጭሱን አየሁት። ሰማያዊነት ያለው፣ ቀጭን፣ ወዲያው የሚበተን ጭስ ነበር። ሽታውም የተቃጠለ የመጥበሻ ዘይት ይመስላል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የሰው ትንፋሽ ሳሸት፣ የዓይን ቀለም ስመለከት የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ግን መኪና የወንዶች ጉዳይ ነው ብዬ ዝም አልሁ። ይህን ሳስበው እስካሁን ይቆጨኛል።

ገብረ ጉራቻን አልፈን ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ሜዳው ድንገት ያልቃል። ዓባይ በረሃን ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ተራራ አይደለም፤ ምድር ተሰንጥቃ አፏን የከፈተች ነው የሚመስለው። ከአፋፉ እስከ ወንዙ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶም ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ ነጣ ያለው፣ ከዚያ ቀላ ያለው እየተነባበረ ይታያል። ስንወርድ መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሹራብ አወለቅን። ግማሽ መንገድ ላይ ዝንጀሮዎቹ ተገኙ፤ የልጆቹም ደስታ ያኔ ነው የሞላው።

ልጄ ጠንቃቃ ሹፌር ነው። ፍሬኑ እንዳይግል ብሎ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳይረግጥ፣ ሞተሩን እያስያዘ ወረደ። ሥራው ትክክል ነው፤ ከባድ መኪናዎችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ነገር ግን ኋላ መካኒኩ እንደነገረን፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተር በኃይል ሲሽከረከር ውስጡ የሚገባው አየር ስለሚታፈን እንደ መርፌ ስሪንጅ ይስባል። ጤነኛ ሞተር ቢስብም የሚገባለት ነገር የለም። የእኛዋ ግን የቫልቭ ጎሚኒዋ ደርቆ፣ ሌላም ችግር ነበረባትና ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ዘይቷን እየሳበች ስታቃጥል ወረደች። እኛ ውስጥ ሆነን ዝንጀሮ እንቆጥራለን።

ታች ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው። አሮጌው ድልድይና በጃፓን እርዳታ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ዓባይ በጥር እንደ ክረምቱ አይፎክርም፤ ጎደል ብሎ አረንጓዴ መስሎ ይሄዳል። ትልቋ ልጅ «ይሄ ነው እንዴ ግብፅ የሚደርሰው?» ብላ በጣም ታዘበችው።

ዳገቱን ጀመርን። ሦስት አራት መታጠፊያ እንደወጣን፣ ከመሪው ኋላ ካሉት ምልክቶች መካከል አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ብላ ጠፋች። ጫፏ ላይ ጠብታ ያላት ማንቆርቆሪያ የመሰለችው ናት። በሚቀጥለው መታጠፊያ እንደገና በራች፤ መንገዱ ቀጥ ሲል ጠፋች። «ምንድን ናት?» አልሁት። «ሽቦዋ ላልቶ ይሆናል፤ ደጀን ስንደርስ አየዋለሁ» አለኝ። ድምፁ ግን የወትሮው አልነበረም። ቀጥሎ ከሞተሩ ውስጥ ብረት ከብረት የሚጋጭ ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ በር እንደሚደበድብ እንግዳ። ሃያ ሜትር ሳንሄድ መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠችና ቀጥ አለች።

ዳገት ላይ፣ መታጠፊያ ላይ፣ ከኋላ ተሳቢ እየመጣ መቆም ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ልጆቹን በገደሉ ተቃራኒ በኩል አውርጄ ከአንድ ግራር ሥር አስቀመጥኋቸው። ልጄ ድንጋይ ፈልጎ ከጎማው ሥር ወሸቀ። ውኃ የያዝነው ሁለት ሊትር ብቻ ነበር፤ ለልጆቹ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋቸው፣ ሻሼን አርጥቤ ለትንሹ ጭንቅላቱ ላይ ጣል አደረግሁለት። ይህን ያህል እንኳ ነርስነቴ ጠቀመ።

ባዶውን ወደ ደጀን የሚወጣ አይሱዙ ቆመልን። ሹፌሩ በዕድሜ ገፋ ያለ ሰው ነው። ምንም ሳይጠይቅ ኮፈኑን አስከፈተና የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዞ፣ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ ከተተና አወጣት። ዘንጓ ደረቅ ናት። ለእኔ አሳየኝ፤ «እናቴ፣ ጠብታ የለውም» አለ። ወደ ልጄ ዞሮ «መብራቷ አልበራችም?» ሲለው፣ «በመታጠፊያው ትበራ ትጠፋ ነበር» አለ። «መኪናዋ ስትዘም ዘይቱ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ነዋ! ያኔ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነበር። እሷ መብራት ስለ ዘይቱ ልክ አይደለም የምትናገረው፤ ስለ ግፊቱ ነው። ግፊቱ የሚወድቀው ደግሞ ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው።»

ይህን ሲል እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ። ይህንን እኔ በሌላ ቋንቋ አውቀዋለሁ።

የመጀመሪያ ምድቤ ላይ፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ አንዲት ወላድ ነበረች። ከወለደች በኋላ የደም ግፊቷን ለካሁ፤ ደኅና ነው። ካርዷ ላይ «ደኅና» ብዬ ጻፍሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደግሜ ለካሁ፤ አሁንም ደኅና ነው። ታላቋ አዋላጅ መጥታ ካርዱን ሳታይ የልብ ምቷን በእጇ ያዘች፣ ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። ፍራሹ በደም ርሷል። እናቲቱ ለጥቂት ተረፈች። ሰው አምስት ሊትር ያህል ደም አለው፤ ወጣትና ጤነኛ ሴት ከዚያ ላይ አንድ ሊትር ገደማ ቢፈሳት እንኳ ልቧ እየፈጠነ፣ ሥሮቿ እየተኮማተሩ ግፊቱን ይይዙላታል። ግፊቱ ሲወርድ ጊዜው መሽቷል። አዋላጇ «ግፊት ይዋሻል፤ ብርድ ልብሱን ግለጪ» ብላኝ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለስንቱ ተማሪ ነርስ ይህንኑ ነግሬያለሁ። የእኛዋ መኪና ሞተር የሚይዘው አራት ሊትር ያህል ዘይት ነው። ኮፈኑን ግን ማንም አልገለጠም።

አይሱዙው በገመድ እየጎተተ ወሰደን። እኔና ልጆቹ ጋቢና ገባን፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና በጭነት መኪና ጋቢና ዓባይ በረሃን ወጣሁ። ልጄ ከኋላ፣ በሞተ መኪና ውስጥ፣ መሪውን ይዞ ተከተለን። በመስተዋት አየው ነበር።

ደጀን ያገኘነው መካኒክ ከፍቶ ካየ በኋላ «ኩሽኔታው ተቃጥሎ ሞተሩ ነክሷል። መነሻው ግን ፋሻው ነው» አለ። «የምን ፋሻ?» አልሁት። እኔ የማውቀው ቁስል የሚታሰርበትን ነው። ሳቀና አንዱን ፒስተን አሳየኝ። ወገቡ ላይ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ታስረውበታል፤ እነርሱን ነው ፋሻ የሚሏቸው። የላይኞቹ የሚፈነዳውን ጋዝ ያግዳሉ፣ የታችኛው ከግድግዳው ላይ ዘይቱን እየጠረገ ይመልሳል። የእኛ የታችኛው ፋሻ በተቃጠለ ዘይት ጥላሸት ተጣብቆ መላወስ አቅቶታል። ዘይት በጊዜው ሳይቀየር ሲቀር እንዲህ ይሆናል አለን። ልጄ «አዲስ እየጨመርሁ ነበር እኮ» ሲል አመለጠው።

መካኒኩም «መጨመርና መቀየር ምን አንድ ያደርገዋል?» አለው።

«እየጨመርሁ ነበር» የምትለው ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ቀረች። በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገብተን፣ ልጆቹ ተኝተው፣ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ስንቀመጥ ጠየቅሁት። ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ሲጨምር ኖሯል። ማሠሪያው ብዙ ስለሆነበት፣ ብድሩም ስላላለቀ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘቡ የእኔ ጡረታ ስለሆነ ሊነግረኝ አፍሯል። ለጉዞው ስንዘጋጅ በሠርክ ወዲያ ወዲህ ሲል የዚያን ሳምንቱን ረሳው። «አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለኝ። ምን እላለሁ? እኔም ጭሱን አይቼ ዝም ብያለሁ። ያን ያህል ገንዘብ ለልጅ ስንሰጥ፣ ችግሩን የሚነግረንን አፍ አብረን እንደምንወስድበት አላወቅሁም ነበር። በማግሥቱ ተዝካሩ ላይ ጠላ ሲቀዳ፣ እንግዳ ሲያስተናግድ ዋለ፤ የተቀየመ ሰው አልነበረም፤ የቀለለው ይመስል ነበር።

ለሞተሩ መተኪያ ያገለገለ ሞተር እስኪገኝ ወራት ፈጀ። በዚያ ጊዜ ከሰማኋቸው ነገሮች ለእናንተ የሚጠቅመው ጥቂቱ ነው። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ሂዱ፤ አንዳንድ ሻጭ ወፍራም ዘይት ሞልቶ ጭሱን ለጊዜው ይሸፍነዋል። አንዳንድ የመኪና መመሪያ መጽሐፍ በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር ዘይት መጉደሉን እንደ ጤነኛ ይቆጥረዋል፤ ይህ ማለት ሩቅ አገር ደርሶ የሚመለስ ሰው «ጤነኛ» በምትባል መኪና ቢሄድ እንኳ መንገድ ላይ ሊጎድልበት ይችላል። ዘንጓን ለማየት መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ደቂቃ መቆየት አለበት። በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን ነው። ቀዩ መብራት ከበራ ግን «ደጀን ስንደርስ» የሚባል ነገር የለም፤ እዚያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። የልጅ ልጆቻችሁን ጭናችሁ በረሃ የምትወርዱ ከሆነም ውኃ አብዝታችሁ ያዙ፤ እኔ በሁለት ሊትር ተቀጥቻለሁ።

ስንመለስ በሚኒባስ ነበር። ልጄ መኪናዋ ዘንድ ደጀን ቀረ፤ እኔና ልጆቹ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥን። ሚኒባሱ ዓባይ በረሃን ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ዳገቱን ሲይዝ፣ ያች ዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ወደ ፊት ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ዘይቱን አይተኸዋል?» አለችው። ረዳቱ ሳቀ፤ ከኋላም የሳቁ ነበሩ። ሹፌሩ ግን አልሳቀም። ጎሐ ጽዮን ደርሰን ተሳፋሪው ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ፣ ጋቢና የተቀመጡትን ሁለት ሰዎች «አንዴ ውረዱልኝ» ብሎ አስነሣና ወንበሩን ወደ ላይ ገለበጠ። ዘንጓን መዝዞ ጠረገ፣ ከተተ፣ እንደገና አወጣት። ከዚያ ለልጅቷ አሳያት።