ሲመቸኝ ስለ ማለት

እግዚአብሔርን አልታዘዝም ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው በአገራችን እምብዛም አይገኝም። «እታዘዛለሁ፥ ነገር ግን ጥቂት ልቆይ» የሚል ግን ሞልቷል። የፊተኛው ክፋቱን ያውቀዋልና አንድ ቀን ሊደነግጥ ይችላል፤ የኋለኛው ግን ታዛዥ የሆነ ስለሚመስለው የሚያስደነግጠው ነገር የለም። ስለዚህም ነገር ባሰብሁ ቍጥር አገረ ገዢው ፊልክስ ትዝ ይለኛል።

ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ በ24ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ቅዱስ ጳውሎስ በቂሣርያ ታስሮ ሳለ ስለ ጽድቅና ራስን ስለ መግዛት፥ ስለሚመጣውም ፍርድ በነገረው ጊዜ ፊልክስ ፈራ። ፈርቶም አልተሳደበም፥ አልተቈጣም፤ ጊዜ ሲያገኝ እንደሚያስጠራው ነግሮ አሰናበተው። ከዚያም በኋላ ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ተስፋ እያደረገ ብዙ ጊዜ አስጠርቶ አነጋገረው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ በፊተኛው ቀን እንደ ፈራ ተጽፏል፥ በኋለኞቹ ቀኖች ግን እንደ ፈራ አልተጻፈም። ጆሮ ቃሉን ሲለምድ ልብ ይደነድናልና። ሁለት ዓመትም ካለፈ በኋላ ሹመቱን ለፊስጦስ ለቀቀ፥ ጳውሎስንም እንደ ታሰረ ተወው። የጐደለው ጊዜ አልነበረም፤ ጊዜ ሲገኝ የሚፈራው ልብ ታጣ እንጂ።

የማዘግየት ልማድ በክርስቲያኖችም ዘንድ የቆየ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ብዙ ሰዎች ኀጢአታችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታጠብልናል እያሉ ጥምቀትን እስከ ሞት አፋፍ ያቆዩት ነበር። የቂሣርያው አውሳብዮስ እንደ ጻፈው፥ ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ እንኳ በዮርዳኖስ ለመጠመቅ አስቦ ሳለ ሕመም ቀደመውና በኒቆሜድያ አጠገብ ተጠምቆ ብዙም ሳይቆይ ዐረፈ፤ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ337 ዓመት ነው። ይህን ማንሣቴ ደጉን ንጉሥ ለመንቀፍ አይደለም፤ ዮርዳኖስን የሚያህል ቅዱስ አሳብ እንኳ ማዘግያ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው። ታላቁ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙም ይህን ልማድ አጥብቀው ተቃውመውታል።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው በዚያው ዕለት ሥጋውንና ደሙን ይቀበላሉ። ስለዚህ ጥምቀትን ማዘግየት አልተቻለንም፤ ማዘግየቱ ግን ወደ ንስሐና ወደ ቍርባን ዞረ። በእሑድ ቅዳሴ ቆሜ ስመለከት ከሚቈርቡት አብዛኞቹ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ዛሬ ወጣቶችም መቅረብ መጀመራቸው ደስ ያሰኛል፤ በመካከል ያለው ጐልማሳ ግን «ልጆቼን ልዳር፥ ቤቴን ልሥራ፥ ሙግቴን ልጨርስ» እያለ አስቀድሶ ብቻ ይመለሳል። በነቢዩ በሚልክያስ ዘመን ሰዎች ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሠዊያ ያቀርቡ ነበር፤ እኛም ጕልበታችንን ለዓለም ሰጥተን የተረፈውን እርጅና ለእግዚአብሔር እናስቀምጣለን።

«ሳይገባን ብንቀርብስ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ይህ ፍርሃት የሚናቅ አይደለም፤ ሐዋርያውም የቆሮንቶስን ሰዎች ስለዚሁ አስጠንቅቋቸዋል። ነገር ግን ፍርሃት ሁለት ዓይነት ነው። ሰውን ወደ ነፍስ አባቱ የሚያስሮጠው ከእግዚአብሔር ነው፤ ወደ ነገ የሚያሰናብተው ግን የፊልክስ ፍርሃት ነው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ነገም ሰውን ሳያስደነግጥ ይወስደዋል።

እናንተም የነፍስ አባቶች ሆይ፥ በበዓል ቀን ወደ ልጆቻችሁ ቤት ስትገቡ፥ ጠበሉ ከተረጨ በኋላ ማዕድ ቀርቦ ጨዋታ ሳይጀመር «ንስሐህ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ልጃችሁም «ሲመቸኝ» ቢላችሁ፥ ቀኑን ሳትቈርጡለት ከቤቱ አትውጡ።