ከጎተራ እስከ ፈንታሌ

በደርግ ጊዜ ጎተራ ያደገ ልጅ የጭነት መኪና ድምፅ ከሩቅ ይለያል። ከአሰብ የሚመጡት ኤንትሬዎች ተሳቢያቸውን እየጎተቱ ወደ እህል መጋዘኑ ሲገቡ ሰፈሩ ይርገበገባል። እኛን የሚያስሮጠን ግን ጭነቱ ሳይሆን የሾፌሮቹ ወሬ ነበር። «ጋሼ፣ ዛሬስ ሳላ አዩ?» «ከመተሐራ ወዲያ፣ በአንድ መስመር ተሰልፈው!» ሲሉን ሰፈሩን በጩኸት እናናውጠው ነበር።

አንድ የገና እረፍት አጎቴ ጋቢናው ውስጥ አስቀምጦ ወሰደኝ። ወለንጪቲን ስናልፍ ሙቀቱ ፊቴን ገረፈው። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ መጣ፤ ከ200 ዓመት በፊት ግድም ከፈንታሌ ወጥቶ የረጋው ቅላጭ አለት፣ ትናንት የፈሰሰ እስኪመስል ድረስ ገና ባዶውን የተኛ! ከበላዩ 2,007 ሜትር የሚደርሰው ፈንታሌ ራሱ። የገባንበት አዋሽ ፓርክ በ1958 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1961 በአዋጅ የጸና መሆኑን ያኔ የት አውቄ!

ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ያን የዱር እንስሳ፣ ሳላን፣ አየሁት። ፊቱ ነጭ፣ በጥቁር መስመር የተኳለ፤ ቀንዶቹ ቀጥ ያሉ ሁለት ጦሮች። ሴቷም እንደ ወንዱ ቀንዳም ናት። ፀሐይ ሲከር የገላው ሙቀት እንዲጨምር ይተወዋል፤ በአፍንጫው በኩል የቀዘቀዘው ደም ደግሞ አንጎሉን ከግለት ያድንለታል። ይህን ሳነብ ዛሬም እፈነድቃለሁ!

ዛሬ ጎተራን የማሳለጫ መንገድና የባቡር ድልድይ ሞልቶታል። ማልደን ብንነሳ በፍጥነት መንገዱ አዳማን አልፈን መተሐራ ቁርሳችንን እንበላለን። በሰቃ ሐይቅ ያኔ ካየሁት እጅግ ሰፍቶ፣ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፎ፣ መንገዱን ደጋግሞ ከፍ አስደርጎታል። ሳላው ቁጥሩ ተመናምኗል፣ ግጦሹንም ከከብት ይሻማል። ግን አለ! ባለፈው ልጆቼ ሲያዩት መኪናው ውስጥ እልል አሉ። ወንዙ ዳር ደግሞ የበረሃው ባለ ጋማ ዝንጀሮና የወንዙ ዳሩ ዝንጀሮ ተዋልደው ያፈሯቸውን ድቅሎች አየን፤ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ያጠኗቸውን።

መስከረም 26 ቀን 2017 ማታ ከፈንታሌ አካባቢ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ከፎቅ ወደ ግቢ ወረድን። በተከታዮቹ ወራት ቤታቸውን ጥለው የወጡትን የአዋሽ ፈንታሌ ሰዎች ሳስብ ልቤ ይሰበራል። ተራራው ግን ሕያው ነው፤ ከጎረቤቱ ዶፈን ሥር እንፋሎት ሲገነፍል በቴሌቪዥን አይተናል።

አሁን ከሰፈር ልጆች ጋር ለቀጣዩ ጥር ጉዞ ወደ ፓርኩ ስም እየመዘገብን ነው። አንዱ ፍልውሃውን፣ ሌላው ፏፏቴውን ይላል። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለኢላላ ሳላ ነው፤ ያውም ገና ጎህ ሲቀድ!