ፈረሱን ከማጉረሳችሁ በፊት

እኛ ቤት ፍቅር የሚገለጸው በጉርሻ ነው። እንግዳ ሲመጣ እናጎርሳለን፤ የተኳረፈ ሲታረቅ እናጎርሳለን። ልጆቻችንም ይህንኑ እያዩ ስላደጉ መንገድ ላይ ፈረስ ካገኙ እጃቸው ቶሎ ወደ ብስኩቱ ይሄዳል። በዚህ ክረምት ማብቂያ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ወደ ባሌ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ስለዚህች ጉርሻ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጫ ናት። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙ ጎብኚዎች ተራሮቹን የሚያዩት በአካባቢው ገበሬዎች ፈረስ ላይ ተቀምጠው ነው።

የባሌ ፈረስ ተመራማሪዎች ለይተው ካስቀመጧቸው የአገራችን የፈረስ ዝርያዎች አንዱ ነው። ሲያዩት ትንሽ ነው። ነገር ግን የሰነቴ አምባ ከፍታ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ጥቂት ተራምደን በምናለከልክበት አየር እሱ ሰው ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር እያደረ ሣርና የገብስ ጭድ በልቶ ይሠራል።

ዲንሾ ላይ የስምንት ዓመቷ ልጄ ባለ ፈረሱን፣ «አባባ፣ ብስኩት ላጉርሰው?» ስትል ጠየቀቻቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉና፣ «ቆይ ልጄ፣ የእሱን ምግብ ልስጥሽ» ብለው ከከረጢታቸው አንድ እፍኝ ገብስ ዘገኑላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «እህሌን ገበያ የሚያደርስልኝ እሱ ነው። እሱ ከታመመ ቤቴ ታመመ ማለት ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ፈረስ ጨጓራው ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የተፈጠረውም ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ ሣር እንዲግጥ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ማስመለስ አይችልም። የማይስማማውን ከበላ ወይም ያልለመደውን እህል በአንዴ ካበዛ የሚይዘው የሆድ ቁርጠት ሊገድለው ይችላል። አንድ ብስኩት ምን ያደርጋል እንል ይሆናል፤ ግን በዚያ ቀን ያለፈው ጎብኚ ሁሉ አንድ አንድ ቢሰጠውስ? ሻጋታ የያዘ ዳቦና ፌስታልማ ጭራሽ አጠገቡ አይድረሱ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ባለቤቱን ጠይቁ። ሲፈቀድላችሁ ከፊት ለፊቱም ከኋላውም ሳይሆን በትከሻው በኩል ቅረቡ፤ ከአፍንጫው ሥር ያለውን ነገር ማየት ስለማይችል ጣትን ከምግብ አይለይም። ልጃችሁ መዳፏን ጠፍጣፋ አድርጋ፣ አውራ ጣቷንም ከሌሎቹ ጋር ገጥማ ትዘርጋ። እሱ በከንፈሩ ለቅሞ ይወስደዋል።

ጉርሻ ባይፈቀድም የምትሰጡት አታጡም። ቁልቁለቱ ላይ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ። እናንተ ምሳ ስትበሉ ኮርቻው እንዲላላለትና ሣር እንዲግጥ ጠይቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ጀርባው አለመቁሰሉን አሳዩኝ በሉ። ስትለያዩም የተስማማችሁበትን ሂሳብ ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ የፈረሱም ገብስ የሚገዛው ከዚያው ነውና።