ኪስ ውስጥ የቀረው ባትሪ

በግቢያችን መብራት ሲጠፋ ከመኝታ ቤቶች በኩል የሚሰማውን ጫጫታ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «ባትሪዬን ያያችሁ!» ይላል፤ ሌላው ሳጥኑን ይጎረጉራል፤ ሦስተኛው የጓደኛውን እግር ረግጦ ስድብ ይቀምሳል። ባትሪው ሲገኝ ደግሞ መብራቱ ይመጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው። በየብስ ላይ ይኸ ለሳቅ ይሆናል። እኔ ግን አንድ ሌሊት ከባሕር ገጽ በታች 15 ሜትር ላይ ይኸው ነገር ደርሶብኝ ስላልሳቅሁ፣ ታሪኩን ለሠልጣኞችና ለባልደረቦቼ ላካፍል ብዕሬን አነሣሁ።

መምህር ከመሆኔ በፊት ነው። በ1998 ዓ.ም. ጅቡቲ የሚኖር አጎቴ ዘንድ ሄጄ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወደ ሙሻ ደሴት ጠላቂ ዋናተኞችን በምታመላልስ ጀልባ ላይ ተቀጠርሁ። ሥራዬ ቦምቦላዎቹን በኮምፕሬሰር አየር መሙላትና ከባሕር የወጣውን ዕቃ ጨው በሌለው ውኃ ማጠብ ነበር። ጣና ዳር ያደግሁ ነኝና ዋና አልከበደኝም፤ በዓመቱ መጥለቅንም ተማርሁ። የጠላቂዎቹ መሪ የድሬዳዋ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም «ጋሼ» እንላቸዋለን። ንግግር አያበዙም፤ ስለ ዕቃ አያያዝ ግን ቀልድ አያውቁም።

በሌሊት መጥለቅ ምን ይሉታል የሚል አይጠፋም። ቀን ላይ ውኃው ከፀሐይ ብርሃን ቀዩን አስቀድሞ ስለሚውጠው፣ ጠለቅ ሲሉ ሁሉ ነገር ሰማያዊና ግራጫ ይመስላል። ሌሊት ባትሪ ከቅርብ ሲበራበት ግን የኮራሉ ቀይና ብርቱካን ቀለም ፈክቶ ይታያል፤ ቀን ተደብቆ የዋለው ፍጥረት ሁሉ ይወጣል። ደስ ይላል። ታዲያ ያ ሁሉ ደስታ በአንድ አምፖል ላይ የተንጠለጠለ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በአንዱ ሌሊት አራት ሆነን ወረድን፤ ጋሼ ከፊት፣ ሁለት እንግዶች ከመካከል፣ እኔ ከኋላ። በእጄ ትልቅ ባትሪ ይዣለሁ። ትንሿን መጠባበቂያ ባትሪ ደግሞ ከገመድ ጥቅልና ከመጻፊያ ሰሌዳ ጋር በሰደርያዬ ኪስ አጭቄ ዚፑን ዘግቻለሁ። «አለኝ» ብዬ ልቤ ዐርፏል። 15 ሜትር ላይ የትልቁ ባትሪ አምፖል ድንገት ተቃጠለ።

እንግዶቹ ፊታቸውን ወደ ኮራሉ አዙረዋል፤ መብራታቸው ለእነሱ እንጂ ለእኔ አይደለም። ዚፑን እስካገኝ ምን አለፋችሁ፣ አንድ ዘመን ሆነብኝ። እጄን ስከት ገመዱ ጣቶቼን ተበተባቸው። እንደ ምንም ባትሪዋን ጎትቼ አወጣሁና ለማብራት ስጠመዝዛት ከእጄ አመለጠች። አልታሰረች፣ አልበራች፤ በቃ ወደ ታች ሄደች። ትንፋሼን መቋጠሬን ያወቅሁት ደረቴ ሲወጠር ነው። ይኸ ከጨለማው ይብሳል። ጠላቂ ከቦምቦላው አየር ስቦ፣ ትንፋሹን ቋጥሮ ወደ ላይ ከወጣ፣ የውኃው ግፊት እየቀነሰ ሲሄድ በሳምባው ያለው አየር እየሰፋ ሳምባውን ሊቀድደው ይችላል። ይኸን ተምሬዋለሁ፤ ብማረውም እግሬ ወደ ላይ አምልጥ አምልጥ ይለኛል።

በዚህ መካከል ከፊት ያለው ብርሃን ዞረ። ጋሼ ነበሩ። ለካስ በየጥቂት ደቂቃው ዞር እያሉ መብራት ይቆጥሩ ኖሯል፤ ከኋላቸው ሦስት መሆን የነበረበት ሁለት ሆነባቸው። መጥተው ክንዴን ያዙ። ትልቁ ባትሪያቸው በእጃቸው ጀርባ ላይ የታሰረ ስለሆነ ጣታቸው ነጻ ነው። በዚያ እጅ ደረታቸውን ነካ ሲያደርጉ አንዲት ትንሽ ባትሪ እዚያው ማንገቻቸው ላይ እንደ ተሰቀለች በራች። ከዚያ ፈትተው ሰጡኝ። አውራ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ፤ ይኸ በጠላቂ ቋንቋ «ጎበዝ» ማለት ሳይሆን «አብቅቷል፤ ወደ ላይ» ማለት ነው። አራታችንም ቀስ ብለን ወጣን።

ጀልባው ላይ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ሻይ ሰጡኝና፣

«አንተ ልጅ፣ መጠባበቂያ ባትሪ አልነበረህም?» አሉኝ።

«ነበረኝ ጋሼ።»

«የት?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«እንግዲያማ አልነበረህም። ያ ዕቃ ነው እንጂ መብራት አይደለም።»

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ ዐይኔን በፎጣ አስረው ትምህርት ጀመሩ። መጀመሪያ ስለ ቦታው ነው። ሁለት ትንንሽ ባትሪዎች አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ ማንገቻ ላይ፣ መስተዋታቸው ወደ ታች ሆኖ ይቀመጣሉ። በጭራቸው በኩል የብረት መንጠቆ በጠንካራ ክር ታስሮ ደረት ላይ ካለው የብረት ቀለበት ይያዛል። በክር የሆነበት ምክንያት መንጠቆው አልፈታ ቢል በቢላዋ እንዲቆረጥ ነው፤ ብረት ከብረት ቢታሰር መላ የለውም። ባትሪዋ እየተወዛወዘች ከገመድ እንዳትጠላለፍ ደግሞ ከብስክሌት ካላማዳሪ በተቆረጠ ቀለበት ከማንገቻው ጋር ትጠፈራለች።

ቀጥሎ ስለ አወጣጡ። አስቀድሞ ማብራት፤ ከዚያ ከጎማው ስቦ ማውጣት፤ መንጠቆውን መፍታት ግን የመጨረሻ ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ነበር የከሰርሁት። የበራች ባትሪ ብታመልጥ እንኳ ራሷን ታሳያለች።

በመጨረሻም ስለ እንክብካቤ። ለመጠባበቂያ የሚሆነው ተሞልቶ የሚሠራው ሳይሆን ተራው አዲስ ድንጋይ ነው፤ የሚሞላው ሳይነኩት ሲቀመጥ ቶሎ ይደክማል፣ ተራው ግን ብዙ ይቆያል። ውኃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ግራሶ በስሱ ይቀባል፤ አንዲት ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ከገባችበት ባሕሩ ተከትሏት ይገባል። ከመውረድ በፊትም ሁለቱም በርተው ይታያሉ። በቀኝ እጅ ሃያ ጊዜ፣ በግራ ሃያ ጊዜ አስደረጉኝ። እንዴ፣ ይኸ ሁሉ ለአንዲት ባትሪ? እያልሁ አጉረመረምሁ። በሳምንቱ ግን እጄ ሳላዘው ይሄድ ጀመር። ዛሬ አምፖሉን ኤል ኢ ዲ ተክቶታል፤ እንደ ዱሮው ቶሎ አይቃጠልም። የድንጋይ ማለቅና የውኃ መግባት ግን ዛሬም አለ።

ይኸ ሥርዓት የዳበረው በአሜሪካ በፍሎሪዳ የውኃ ውስጥ ዋሻዎች መሆኑን በኋላ አነበብሁ። ከዋሻ ጠላቂዎቹ ስመ ጥር የሆነው ሼክ ኤክስሊ በሙያው የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጣው ትንሽ መጽሐፍ የሟች ጠላቂዎችን አደጋ እየመረመረ ለሕያዋን ደንብ አወጣ። መምህር መሆኑን ሳነብ አልደነቀኝም፤ ስሕተትን በቀይ ብዕር አስምሮ ማለፍ ሳይሆን «ለምን ተሳሳተ?» ብሎ መጠየቅ የሙያችን ጠባይ ነውና። ዛሬ የሠለጠነ ዋሻ ጠላቂ ቢያንስ ሦስት መብራት ሳይዝ አይገባም፤ አንዱ ሲጠፋበት ደግሞ «ሁለት ቀረኝ» ብሎ አይቀጥልም፣ ይመለሳል። ኤክስሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 ሜክሲኮ ውስጥ ሳካቶን በሚባል ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ሲጠልቅ ሕይወቱ አለፈ። ትምህርቱ ግን ከእሱ በኋላም ይሠራል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሠልጣኞች፣ የማስተማር ልምምዳችሁ ተቃርቧል። ምሳሌው ደብተር ውስጥ፣ የትምህርት መርጃው ስቶር ውስጥ፣ መልሱም «አውቀው ነበር እኮ» በሚባልበት ኪስ ውስጥ የቀረ መምህር ብዙ አይቻለሁ፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ አንዱ ነበርሁ። አለኝ ማለትና በጨለማ አንሥቶ መስጠት አንድ አይደሉም። ጋሼ ያን ሌሊት ሊሰጡኝ የቻሉት እጃቸው ቦታውን ስለሚያውቅ ነው። መጥፋቴን ያወቁት ደግሞ ዞር ብለው ስለ ቆጠሩ ነው። ውኃ ውስጥ መጮኽ አይቻልም፤ የኋላ ወንበር ተማሪም መብራቱ ሲጠፋበት አይጮኽም።

እስቲ ዛሬ ማታ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ባትሪያችሁን ፈልጉ።