ቆቅ ወዲያ፥ ምዝግዝግ ወዲህ

ጥቅምት ሲገባ የሐዋሳ ልጅ ልቡ ወደ ሐይቁ ነው፤ የእኔ ግን ወደ ወንዶ ገነት ተራራ ግርጌ፥ ወደ አጎቴ ቤት ይሄዳል። ከከተማችን በሚኒባስ ብዙ አያስኬድም። ክረምቱ አልፎ በቆሎው ሲደርስ ቆቅና ጅግራ ከቁጥቋጦው ወጥተው ማሳ ዳር ይለቅማሉ፤ ድኩላም ጎሕ ሲቀድ ከደኑ ወርዶ ለምለሙን ይቀነጥባል። አደን የሚታሰበው በዚህ ወራት ነው።

በልጅነቴ የተሰጠኝ መሣሪያ ዱላ ነበረ። ዱላን አሽከርክሮ መወርወር ምዝግዝግ ይባላል። ተረቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ሳልሰማው በፊት በእጄ ሠርቼዋለሁ። ቆቅ ከእግር ሥር ድንገት ስትነሣ የክንፏ ድምፅ ያስደነግጣል፤ ዱላው የሚሄደውም ወፊቱ ወደሌለችበት ነው። አጎቴ አይስቱም ነበር። እርሳቸው ሲመቱ የእኔ ፋንታ ቢላዋ ይዞ መሮጥ ነው፤ ነፍሷ ሳትወጣ በስመ አብ ተብላ ካልተባረከች አትበላምና። ስንቷ ቆቅ እኔ ጥቂት በመዘግየቴ ለውሻ ተጣለች!

ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል መሆኑን ተማርሁ። ድኩላችንም የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፥ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፥ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ኖሯል። ቀድሞ በሶማሊያም ይገኝ የነበረው የስዌይን ቆርኬ ዛሬ በእኛ አገር ብቻ መቅረቱን፥ ከሐዋሳ በማይርቀው በሰንቀሌ መጠለያም እንደሚጠበቅ አወቅሁ። ይህን ሁሉ ዕውቀት ተሸክሜ በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወደ አጎቴ ሄድሁ።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን አዋጁን ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝና፥

«ፈረንጅ መጥቶስ አይገድልም?» አሉ።

«ይገድላል፥ ጋሼ፤ ግን ፈቃድ አውጥቶ፥ በተከለለ ቦታ፥ በዶላር ከፍሎ ነው። በአርሲና በባሌ የደጋ አጋዘን እንኳ ይታደናል።»

«እንግዲያው የተከለከለው ለድኻ ነዋ! በቆሎውን የማበላ እኔ፥ የሚያስገድል ሌላ።»

ገንዘቡ ለጥበቃ ይረዳል ልል አሰብሁ። ነገር ግን እርሳቸው ዘንድ የደረሰ አንድ ሳንቲም እንደሌለ ስለማውቅ ዝም አልሁ። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም፤ ከመካከላችሁ ሕግ የሚያጠና ካለ በዚሁ መጽሔት ይጻፍልኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ምንሽራቸውን አንግተው ተነሡ፤ እኔም ተከተልሁ። ማሳው ዳር በጤዛ ላይ ተቀመጥን። ድኩላ እንደ ውሻ ይጮሃል፤ ከደኑ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰማነው። ጥቂት ቆይቶ ራሱ ወጣ። ወንድ ነው፤ ጥቁር፥ አንገቱ ሥር ነጭ ምልክት ያለበት። ሠላሳ እርምጃ ቢርቅ ነው። አጎቴ አነጣጠሩ።

እኔ ሳልሁ።

ጉንፋን አልነበረብኝም። ሆን ብዬ ሳልሁ ብዬ ለመማል ግን ዛሬም አልደፍርም፤ ጉሮሮዬ ከእኔ ቀድሞ የወሰነ ይመስለኛል። ድኩላው በአንድ ዝላይ ጠፋ። አጎቴ ምንሽሩን ወደ ጉልበታቸው አወረዱ፤ ወደ እኔም አልዞሩም። መንገዱን ሁሉ ፊት ፊት ሲሄዱ ጀርባቸውን ብቻ እያየሁ ተከተልኋቸው።

ደጃፍ ላይ ባለቤታቸው «ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ብለው ተቀበሉን።

«ምንም» አሉ አጎቴ ምንሽሩን እየሰቀሉ፤ «ልጁን ብርድ መቶታል፤ ዝንጅብል አፍይለት።»

ሁለት ሲኒ ጠጣሁ።