ፀሐይ አታድግም፣ ልጅ ግን ያድጋል

ሲቀላ፣ እኛ ሰፈር፣ አንዲት ልጅ አለች። ሰፈሩ ሁሉ “አርቲስቷ” ነው የሚላት። በስምንት ዓመቷ የቴሌቪዥኗን ቀጭኔ የፀሐይን ድምፅ አስመስላ ስታወራ፣ ከእናቷ ሙዝ ሊገዛ የቆመ ሰው መልሱን ረስቶ ይሄድ ነበር። በትምህርት ቤት የወላጆች ቀን መድረክ ላይ ስትወጣማ እኔም ቆሜ አጨብጭቤላታለሁ። ዛሬ ልጅቱ 13 ዓመቷ ነው።

ባለፈው ሰሞን እናቷ ማታ መጥታ፣ “ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ሰው ደወለልን። ‘ፊልም እናሠራታለን፣ የመመዝገቢያ ብር ይዛችሁ ኑ’ ይላል። ልውሰዳት ይላሉ?” አለችኝ። እናላችሁ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ድራማ ያስተማርኩት ሰውዬ አፌ ተያዘ።

የኔ ዘመን ልጆች አባባ ተስፋዬን እናውቃቸዋለን። ተስፋዬ ሳህሉ ከ1957 ዓ.ም. እስከ 1998 ዓ.ም. 42 ዓመት ለኢትዮጵያ ልጆች ተረት አወሩ። ስቱዲዮ የገባ ልጅም የራሱን ተረትና ቀልድ ያወራ ነበር። በቴሌቪዥን የታየ ልጅ ለሳምንት የሰፈሩ ንጉሥ ነው። ከዚያስ? ከዚያማ ለብዙው ልጅ ወደ ቤት ነው። “አሁን ደግሞ በዚህ ግባ” የሚል ሁለተኛ በር አልነበረም።

ቀጥሎ ፀሐይ መጣች። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ጋር የፈጠረቻት አሻንጉሊት፣ “ፀሐይ መማር ትወዳለች” በሚለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስንቱን ልጅ አስተማረች። በ2008 ጃፓን ድረስ ተሸለመች። ግን ፀሐይ አሻንጉሊት ናት። ቁመቷ አይመዘዝም፣ ድምጿ አይለወጥም፣ 13 ዓመት አይሞላትም። የሷን ድምፅ ያስመሰለችው ልጅ ግን አደገች።

ሌላ አገር መሰላል አለው። ዜንዳያ በ2010 በዲዝኒ የልጆች ድራማ ጀምራ፣ በ2020 ገና በ24 ዓመቷ ኤሚ ተሸለመች። መሰላሉ ግን እንዲሁ አልተሠራም። ጃኪ ኩጋን በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር “ዘ ኪድ” ላይ ሲጫወት ገና ሕፃን ነበር። ጎልምሶ ብሬን ቢል፣ እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን ጨርሰውት ጠበቁት። ከሰሳቸው። ካሊፎርኒያም በ1939 ከልጅ ተዋናይ ገቢ ከፊሉ እንዲቀመጥለት ሕግ አወጣች።

እኛም ችሎታ ጎድሎን አይደለም። በ2014 ትዝታ ሀገሬ “ድፍረት” ላይ፣ በ2015 ደግሞ ሕፃኑ ረድኤት አማረ ካን ፌስቲቫል በደረሰው የያሬድ ዘለቀ “ላምብ” ላይ መሪ ሆነው ተጫውተዋል። ሕግም አለን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አታሠሩ ይላል።

ይህን ሁሉ ለሙዝ ነጋዴዋ አልተረክሁም። “እስቲ ደውይለት” አልኳት። ስልኩን ተቀብዬ አራት ነገር ጠየቅሁት። ልጅቱ የት ታድራለች? ውሉን ማን ይፈርማል? ገንዘቧ በማን ስም ይቀመጣል? ትምህርቷስ? አራተኛው ላይ ስልኩ ተዘጋ። መልሰን ብንደውል አያነሳም።

እናት “ተመስገን” አለች። ልጅቱ ለካስ በሩ ሥር ቆማ ትሰማለች። አላለቀሰችም።

“እሺ ጋሼ። እዚህስ የት ልጫወት?” አለችኝ።

ሲቀላን በሐሳቤ ዞርኩት፣ ወደ ሴቻም ወጣሁ። ሁለት ሐይቅ አለን፣ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ስንት አዳራሽ አለን። የ13 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ የምትቆምበት መድረክ ግን ትዝ ሊለኝ አልቻለም። በስምንት ዓመቷ ያጨበጨብንላት ሁላችን፣ ማደጓን ረስተን ኖሯል።

ለጊዜው መድረኩ የኔ በረንዳ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ባለፈው ቅዳሜ ሰባት ልጆች መጡ። ወንበር አንሶናል።