የራስ ላይ ሹም ሽር

«ከራስ በላይ ንፋስ» ይላል ያገሬ ሰው። ብሂሉ የተነገረው ስለ ሌላ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁ። ፀጉሬ ከግንባሬ ተነሥቶ ወደ መሀል አናቴ ማፈግፈግ ከጀመረ ወዲህ ግን ቃል በቃል እተረጉመው ነበር። በእርግጥም ከራሴ በላይ የቀረው ንፋስ ብቻ ነበር።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ገጽ ላይ የምንወያየው ስለ ሥልጣንና ስለ ባለሥልጣናት መሆኑን አልዘነጋሁም። ዛሬ ግን ስለ ራሴ፣ ያውም ስለ ራስ ቅሌ፣ ላወጋችሁ ነው። ከሥልጣን ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቆይታችሁ ትፈርዳላችሁ።

ባለፈው ዓመት ኢስታንቡል ሄጄ የፀጉር ንቅለ ተከላ አደረግሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ ከማጅራት በላይ ካለው ስፍራ የፀጉር ሥሮች አንድ በአንድ እየተነቀሉ ግንባር ላይ ይተከላሉ። የእኛ ዓይነቱ ጥቅልል ፀጉር ከቆዳ በታችም የተጠማዘዘ ስለሆነ ነቀላው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ አንድም አዲስ ፀጉር አልተፈጠረም። ከኋላ የነበረው ወደ ፊት መጣ እንጂ። ሹም ሽር ማለት ይህ አይደለምን? የነበሩት ሰዎች ወንበር ተለዋወጡ፣ ግንባሩ ሞላ፣ ተመልካቹም «ለውጥ መጣ» ብሎ አጨበጨበ። («ግንባር» የሚለው ቃል በፖለቲካችን ያለውን ትዝታ ለእናንተው ትቼዋለሁ።)

ቀኑ በማደንዘዣ አለፈ። ፈተናው የጀመረው ሲመሽ ነው። የተተከለው ሥር ከቆዳው ጋር ተዋሕዶ እስኪጸና ድረስ ከ7 እስከ 10 ቀናት ይወስዳል። በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትራስ ቢያሸው ወይም እጅ ሳይታወቅ ቢያከው ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ በጎን መተኛት የለም፤ በደረት መተኛትማ ፈጽሞ አይታሰብም። በጀርባ ሆኖ፣ ከወገብ በላይ 45 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ነው የሚታደረው። በአውሮፕላን ጉዞ የምናውቀው የአንገት ትራስ ማጅራትን ይደግፋል፣ ራስም ወዲያና ወዲህ እንዳይል ይይዛል። ከጉልበት በታች የሚደረግ ሌላ ትራስ ሰውነት ወደ ታች እንዳይንሸራተት ይረዳል። የሚለበሰውም በአንገት የሚጠለቅ ሳይሆን በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ከተነቀለበት ስፍራ ጥቂት ፈሳሽ ትራሱ ላይ ቢታይ አያስደነግጥም፤ ንጹሕ ፎጣ አንጥፎ በየቀኑ መለወጥ ነው። የተተከለበት ስፍራ በግልጽ ቢደማ ግን ለሐኪም መንገር ይገባል። እንቅልፍ እምቢ ቢል እንኳ ያለ ሐኪም ፈቃድ የእንቅልፍ ኪኒን መዋጥ አይገባም።

ራስን ከፍ አድርጎ ማደሩ እብጠትንም ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ ሁልጊዜ አያስቀርም። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን እብጠቱ ከአናት ወደ ግንባር፣ ከግንባርም ወደ ዓይን ሊወርድ ይችላል። የእኔ የወረደው ወደ አዲስ አበባ በተመለስኩ ማግሥት ነው።

የጣሊያኑ ሲልቪዮ ቤርሉስኮኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ፀጉር አስተክለው፣ የብሪታንያውን ቶኒ ብሌርን በሰርዲኒያ የተቀበሉት ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ አስረው ነበር። ዓለም ሳቀባቸው። እኔ ግን ሳቅን ፈራሁ። አብራኝ ለምትኖረው እናቴ ለስብሰባ እንደሄድኩ፣ እዚያም ብርድ እንደመታኝ ነገርኳት። ሰፊ ባርኔጣ አጠለቅሁ፤ ማታ ማታም በሬን ዘግቼ ተቀምጬ አደርኩ።

በ5ኛው ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ እናቴ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። በግራ እጇ የጠበል ጠርሙስ ይዛለች፤ ቀኝ እጇ ወደ ራሴ እየመጣ ነው። ደንግጬ እጇን ያዝኩት።

«ልጄ፣ ለምን ትደብቀኛለህ?» አለችኝ፤ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። «አባትህም እንዲህ ብሎ ነው የጀመረው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ ልቡ ደክሞ በሞተበት ዓመት ጋደም ማለት አይችልም ነበር፤ ትንፋሽ ያጥረዋል። በትራስ ላይ ትራስ ደርበንለት ተቀምጦ ያድር ነበር። ሰውነቱም ያብጥ ነበር። እናቴ ለሦስት ሌሊት በበሬ ስንጥቅ ስታይ የቆየችው እኔን ሳይሆን እሱን ነው።

መብራት አበራሁ፤ እውነቱንም ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየችኝ። «ለፀጉር?» አለች በመጨረሻ። ከዚያም አልቅሳ ሳትጨርስ ሳቀች። ሲነጋ ከሣጥኗ ውስጥ አንዲት ያረጀች የእንጨት ብርኩማ አውጥታ አመጣችልኝ። «እናቴ ሹሩባዋ እንዳይበላሽባት በዚህች ላይ ነበር አንገቷን አሳርፋ የምትተኛው፤ አንተ ግን ይህን ለማወቅ ባሕር ተሻግረህ ሄድክ» አለችኝ። እውነቷን ነው። አንገትን ደግፎ ራስን ማሳረፍ የአያቶቻችን ጥበብ ነበር። የብርኩማዋ ጥንካሬ ለእኔ አልሆነምና በአንገት ትራሴ ቀጠልኩ። በሬን ግን ከዚያ ወዲህ አልዘጋሁም፤ ደኅና እንቅልፍም ያገኘሁት ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥልጣን ልመለስ። በ2004 ዓ.ም. ክረምት የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሕመም ምን እንደሆነ ሳይነገረን ሰንብቶ፣ ነሐሴ 15 ቀን የሞታቸውን ዜና ሰማን። በእነዚያ ሳምንታት ስንቱ ወሬ እንደተወራ ታስታውሳላችሁ። እኔም «ሹማምንት ለምን ይደብቁናል?» ብዬ አምርሬ ከሚጠይቁት አንዱ ነበርኩ። ዛሬም ስለ ግልጽነት መስበኬን አላቆምኩም። በገዛ ቤቴ ግን ለአንዲት እናት እውነቱን መንገር አቃተኝ። ያልተነገረው ሰው ክፍተቱን የሚሞላው በሚያውቀው ክፉ ነገር ነው። እናቴ የምታውቀው ክፉ ነገር የአባቴን ሞት ነበር፤ ሕዝብም የየራሱ አለው።

የተተከለው ፀጉር በ3ኛው ሳምንት መርገፍ ጀመረ። ይህም የሚጠበቅ ነው፤ ሥሩ ከቆዳ በታች ይቀራል፣ ከ3 ወይም ከ4 ወራት በኋላም ማቆጥቆጥ ይጀምራል፣ ሙሉ መልኩን ለመያዝ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ሲረግፍ ባርኔጣዬን አውልቄ ለእናቴ አሳየኋት። «ይኸው፣ የተሾሙት ሁሉ ወረዱ» አልኳት። «ሥሩ ካለ ምን ቸገረህ» አለችኝ።

ቸር እንሰንብት።